የተረፈችው ሦስት ደቂቃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ናችሁ ወይ? ጋዜጣችሁን ከድሮም አነባለሁ፤ ለጋዜጣ ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ አላስችል ብሎኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሙዝ ካርቶን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ሰፈራችን ሲነሳ ዕቃችንን እየጫንን ነበር። ከጫኚዎቹ ልጆች አንዱ ካርቶኑን ብድግ አድርጎ ነቅነቅ አደረገውና «ማዘር፣ ይሄ ይጣል?» አለኝ። ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። ካሴት ነው። ኋላ ስቆጥረው 143 ሆነ። «እሱ ከኔ ጋር ይሄዳል» አልኩትና ጋቢና ገብቼ ጭኔ ላይ አድርጌው ተጓዝኩ። አዲሱ ቤት ስንገባ ግን አልጋ ሥር ገፋ አደረግኩት፤ እዚያው ከረመ።

ባለፈው ወር ትንሿ ልጄ ቤት ስታጸዳ ጎትታ አወጣችው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ካሴት አይታለች፣ ሲዘፍን ግን ሰምታ አታውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እያነሳች የተጻፈውን ታነባለች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቁም ጽሕፈት፣ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ። ከዚያ ቀና ብላ «እማ፣ ትርፍ የሚባል ዘፋኝ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ሁሉም ካሴት መጨረሻ ላይ አለ። ትርፍ፣ ትርፍ፣ ትርፍ።»

መልሱን ልነግራት ጀመርኩ። ቡናው ቀዝቅዞ እንደገና እስኪሞቅ ድረስ አልጨረስኩም። ይሄ ደብዳቤ ያ መልስ ነው።

እኔ ያደግኩት ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በ1980 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለ ድሮዋ ፒያሳ ሲወራ ሰው ሁሉ ወርቅ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ ሲኒማ አምፒርን ያነሳል። ልክ ነው። እኔ ግን ፒያሳን የማስታውሳት በጆሮዬ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ ስፒከራቸውን ደጃፍ ላይ ያወጡ ነበር። አንዱ ማህሙድን ይለቃል፣ ከማዶ ያለው አስቴርን ይለቃል፣ መሀል አስፋልቱ ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ በዚያ ላይ የታክሲው ረዳት «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየትኛው በኩል እንደምሄድ የሚወስንልኝ የተከፈተው ዘፈን ነበር።

አዲስ ካሴት የወጣ ሳምንት የእግረኛ መንገዱ ይዘጋል። ሰው ቆሞ ይሰማል። የሚገዛው ጥቂቱ ነው፤ ቆሞ የሚሰማውን ግን ማንም ሂድ አይለውም። ባለሱቁ ያውቃላ፣ ዛሬ የሰማ ሰው ደሞዝ ሲወጣ ይመጣል። ግጥሙን ለመያዝ ብቻ በቀን ሦስቴ የሚመላለሱ ልጆች ነበሩ። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው አንድ ስፒከር ሥር ይቆማሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ይተያያሉ፣ አንዱ «ወይኔ!» ይላል፣ ከዚያ ይበተናሉ። ያንን ዓይነት መተያየት ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁም።

ማህሙድ ሙዚቃ ቤትን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ራሱ የከፈተው ሱቅ ነው። ሞባይል በሌለበት ዘመን «ዘጠኝ ሰዓት ማህሙድ ጋ» ከተባለ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ያኛው ሰው ቢያረፍድም ችግር የለም፤ እስኪመጣ ሙዚቃ ይሰማል።

የኔ ሙዚቃ ቤት ግን ከትልልቆቹ አይደለም። ስሙን አልጽፍም፣ ባለቤቱ ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰው አይደሉምና። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በካሴት ሽፋንና በፖስተር ተሸፍኗል። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ታንጎ፣ ሱፐር ሶኒክ የሚሉትን ስሞች መጀመሪያ ያነበብኩት እዚያ ቆሜ ነው፤ ተራ እስኪደርሰኝ ሽፋን አነባለሁ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ሳክስፎን ማን ነፋ፣ ሁሉንም። ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ ለሽያጭ የማይቀርቡ ሸክላዎች፣ በመርፌ የሚጫወቱት የድሮ ዲስኮች፣ ተደርድረዋል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነበር የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ካሴት የማያውቁ ልጆች ይሄን ካነበቡ ትንሽ ላስረዳ። ያኔ ሙዚቃ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። ኦርጅናል ካሴት ትገዛለህ፣ ካልሆነ ባዶ ካሴት ይዘህ ሄደህ ታስቀዳለህ። ኦርጅናል ለተማሪ ኪስ አይቀመስም። ስለዚህ ቲዲኬ ወይ ሶኒ ባዶ ካሴት ገዝቼ፣ የምፈልጋቸውን ዘፈኖች በደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፌ ለጋሼ እሰጣለሁ። «ሐሙስ ነይ» ይላሉ። እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ አይገፋም ነበር። ባለ 60 ካሴት አለ፣ ባለ 90 አለ። ጋሼ ባለ 90ውን አይወዱትም። «ክሩ ስስ ነው፣ ቴፑ ይበላብሻል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ይበላል። የተበላውን ክር በእስክሪብቶ እያሽከረከርን ስንመልስ፣ የተበጠሰውን በስኮች ስንቀጥል ነው ያደግነው።

አሁን ወደ ትርፉ ልምጣ። ባለ 60 ካሴት በአንድ በኩል 30 ደቂቃ ይይዛል። ጋሼ የጻፍኩላቸውን ዘፈኖች ደቂቃ በወረቀት ይደምራሉ። ስድስት ዘፈን 27 ደቂቃ ሆነ እንበል። ሰባተኛው አምስት ደቂቃ ነው፣ አይገባም። ሌላ ቦታ ብትሄድ ሰባተኛውን ያስገቡልህና መሀሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆረጣል፤ ከዘፈን መሀል መቆረጥ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። አለበለዚያ ባዶውን ይተዉታል፣ ሶስት ደቂቃ ሽሽሽ ብቻ ትሰማለህ። ጋሼ ግን ሁለቱንም አያደርጉም። በቀረችው ሦስት ደቂቃ የራሳቸውን ምርጫ ያስገባሉ። አልጠየቅኳቸውም፣ አያስከፍሉኝም፣ ስሙንም አይጽፉም። «ትርፍ» ብለው ብቻ ያልፋሉ።

የመጀመሪያዋን ትርፍ አልረሳትም። ካሴቱ ላይ ያስቀዳሁት ትዝታና ባቲ ነበር፣ የጥላሁንና የብዙነሽ ዘፈን። ዕቃ እያጠብኩ ነው የምሰማው። ስድስቱ አለቁ። ሳይድ ኤ አለቀ ብዬ እጄን ልጠርግ ስል አንድ ከበሮ መጣ፣ ኦርጋን መጣ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ጊታር። ጊታር እንደዚያ ይጮሃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደነገጥኩ። እናቴ ከጓዳ «ምንድነው እሱ? ቴፑ ተበላሸ እንዴ?» አለች። ታላቅ ወንድሜ ግን ከውጭ ሮጦ ገባ። «ማነው? ማነው ይሄ?» ይለኛል። እኔ ምኑን አውቄ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ስሙን ለምን አልጻፉልኝም?» አልኳቸው። «ከወደድሽው መጥተሽ ትጠይቂያለሽ፤ ካልወደድሽው ስሙ ምን ይሠራልሻል?» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከላይ አንድ ሸክላ አወረዱ። ጊታር ተጫዋቹ ሳንታና ነው። ሜክሲኮ ተወልዶ ሳን ፍራንሲስኮ እንዳደገ፣ በፈረንጆቹ 1969 ዉድስቶክ በሚባለው ትልቅ ድግስ ላይ ሲጫወት ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደነበረ ነገሩኝ። መርፌውን አስቀመጡና «ስሚ፣ ገመዱን ሲጎትተው ስሚ። ማሲንቆ አይመስልሽም?» አሉኝ። መሰለኝ። እስካሁንም ይመስለኛል። ትዝታ የጠየቀች ልጅ ላይ ሮክ የጨመሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺ ሱቅ ሁለተኛ ትምህርት ቤቴ ሆነች። ጋሼ አንድ ትርፍ ባስገቡ ቁጥር አንድ ታሪክ አለ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ እንዳስቀረጹ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ከዚያም በፊት ምኒልክና ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. ድምፃቸውን ቀርጸው ለንግሥት ቪክቶሪያ እንደላኩ። «እኛ ከተቀዳ ድምፅ ጋር የቆየን ሕዝብ ነን» ይሉ ነበር፣ ኮራ ብለው።

በጣም የሚወዱት ግን የአምኃ እሸቴን ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምኃ ያኔ ሃያዎቹን ያልጨረሰ፣ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት ነው። ሰው የዘመኑን ዘፈን በምሽት ክበብ ይሰማል፣ ቤቱ ወስዶ የሚያጫውተው ሸክላ ግን የለም። ስለዚህ አዋጁን አልፎ፣ በፈረንጆቹ 1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ሳንታና ዉድስቶክ ላይ በተጫወተበት በዚያው ዓመት! ጋሼ ይሄን ሲነግሩኝ ባንኮኒውን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። «እነሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ በአንድ ዓመት!» አምኃ ከዚያ በኋላ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ትልልቅ አልበም አሳትሞ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ዜናውን በራዲዮ ሰምቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ሁለታችንም መጀመሪያ ያነሳነው ጋሼን ነው።

ሮክ ደግሞ ለአዲስ አበባ ባዕድ አልነበረም። የዓለማየሁን ጩኸት፣ የዋልያስ ባንድን ኦርጋን፣ በስድሳዎቹ ሸክላዎች ላይ ያለችውን ዋ ዋ የምትል ጊታር የሰማ ሰው ይሄን ያውቃል። ነገሩ የመጣው በብዙ በር ነው። አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በኩል፣ በሰላም ጓድ አስተማሪዎች ሻንጣ፣ ውጭ ተምረው በተመለሱ ልጆች እጅ። ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ማህሙድ ከክቡር ዘበኛ ነው የወጡት። በሠራዊት ማርሽ ሳክስፎንና ትራምፔት የለመደ ጆሮ ላይ ነው ኤሌክትሪክ ጊታሩ የተጨመረው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ሸክላ ማሳተሙም ቆመና ካሴት ቦታውን ወሰደ። እኔ የደረስኩት ለካሴቱ ነው።

ሱቋ ቀን ቀን ነበረች። ማታ ደግሞ ራዲዮ አለ። ወንድሜ ራዲዮና ቴፕ አንድ ላይ የሆነ ናሽናል ነበረው፣ ከአጎታችን የተሰጠው። የኢትዮጵያ ራዲዮ የውጭ ሙዚቃ የሚያሰማበት ሰዓት ሲደርስ ቤቱ ፀጥ ይላል። ወንድሜ ሪከርድና ፕሌይን አንድ ላይ ለመጫን ጣቱን አዘጋጅቶ ይቀመጣል። ጋዜጠኛው ንግግሩን ሳይጨርስ ዘፈኑ ይጀምራል፣ እና ካሴታችን ላይ የዘፈኖቹ መጀመሪያ ሁሉ ከሱ ድምፅ ጋር ነው የተቀዳው። ዛሬ እነዚያን ዘፈኖች በስልኬ ስሰማ ያ ድምፅ ስለሌለ የጎደለባቸው ይመስለኛል። አንዳንድ ማታ አጭር ሞገድ ላይ የአሜሪካ ድምፅን ወይ ሌላ የውጭ ጣቢያ እንፈልጋለን። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደ ማዕበል። ወንድሜ ራዲዮውን ይዞ ከመስኮት መስኮት ይዞራል። ዲፕ ፐርፕል የሚባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ መጀመሪያ የሰማሁት እንደዚያ ነው፣ ግማሹን ብቻ፣ ሌላውን ሞገዱ በላው። በማግስቱ ለጋሼ አፌ እንደመጣልኝ አዜምኩላቸው። ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት። አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ገባኝ» አሉ። የሚቀጥለው ሐሙስ ትርፍ ላይ ነበር።

ራዲዮውና ሱቁ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፣ ተያይዘው። ራዲዮው ያስርብሃል፣ ሱቁ ያጠግብሃል። አንዱ ከሌለ ሌላው ግማሽ ነው።

በ1990ዎቹ ኤፍ ኤም ሲመጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 97.1፣ በኋላ 98.1፣ 96.3፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር 102.1፣ በእንግሊዝኛ የሚያሰራጨው አፍሮ 105.3ም መጣ። ጥራቱ! እንደ ማዕበል የሚሄድ ድምፅ የለም። ያኔ ታክሲ ውስጥ ገብተህ አንድ የድሮ ዘፈን ከነታሪኩ ትሰማለህ፤ ማን እንደደረሰው፣ ማን ጊታር እንደመታ፣ የት እንደተቀዳ። ከታክሲው መውረድ የሚያስጠላህ ጊዜ ነበር። ሾፌሮች ራሳቸው ድምፁን ከፍ አድርገው «ይሄን ስሙ» ይሉ ነበር።

አሁን እንደዚያ የሚሠሩ የሉም አልልም። አሉ፣ አመሰግናቸዋለሁ፣ እሑድ እሑድ እየጠበቅኩ እሰማቸዋለሁ። ግን አንሰዋል። ራዲዮ ስከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመኝ ማስታወቂያ ነው፣ የእንግሊዝ ኳስ ነው (ባለቤቴ ይወደዋል፣ ከኳሱ ጋር ጠብ የለኝም)፣ መሀሉ ላይ የተቆረጠ ዘፈን ነው። ያ የመቆረጥ ነገር ያመኛል። ካሴት አልበቃ ብሎት አይደለም እኮ የሚቆረጠው። ዘፈኑ ሳያልቅ ጋዜጠኛው ይገባበታል፣ ዘፋኙ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይነገረን ወደ ስልክ መስመር ይኬዳል። ሮክ የሚባለውማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ጃኖ ባንድን ያህል ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከኛው ቅኝት ጋር ያዋደደ ቡድን በወጣባት ከተማ፣ የልጄ እኩዮች ሮክ የሚሰሙት ለየብቻቸው፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው።

ሱቆቹም ሄዱ። መጀመሪያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ «ፍላሽ እንጭናለን» የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ፣ ቀጥሎ ሱቁ ሞባይልና ቻርጀር መሸጫ ሆነ። የጋሼም እንደዚያው። ሰው ላይ ማሳበብ አልፈልግም፣ ጊዜው ነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ እኛ የምናስቀዳውም ዘፋኙ ሳይፈቅድ፣ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ ነበር። ይሄን ልጄ ናት ያነሳችብኝ፣ ትክክል ናት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እኔ በደብተር ቅዳጅ ዘፈን ሳዝዝ የሙዚቀኛው መብት በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ያ ዘመን ሙሉ በሙሉ ይመለስ አልልም። ሙዚቀኛው ይከፈለው። የምናፍቀው ነጻውን ቅጂ አይደለም፤ ደቂቃውን የሚደምርልኝን ሰው ነው።

ስልኬም ይመርጥልኛል፣ አውቃለሁ። አንድ ትዝታ ከሰማሁ ሃያ ትዝታ ይደረድርልኛል። ግን የሚያመጣልኝ የሰማሁትን የሚመስለውን ነው። ጋሼ የሚያመጡልኝ ጭራሽ የማይመስለውን ነበር፣ ከዚያ የሚመሳሰሉበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩኛል።

በቀደም ፒያሳ ሄጄ ነበር። ከቸርችል ጎዳና ወደ ላይ ወጣሁ፣ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል፣ በአድዋ ድል መታሰቢያ በኩል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ጸድቷል፣ መብራቱ ያምራል። ማታ ሴት ብቻዋን የምትሄድበት ሆኗል፤ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ። ደስ ብሎኛል ብዬ ብናገር ውሸት አይደለም። ግን ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ስሄድ አንድም ዘፈን አልሰማሁም። የመኪና ድምፅ፣ የቅዳሴ ድምፅ፣ የአዛን ድምፅ አለ፤ የዘፈን የለም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት በጥር 2007 በደረሰው እሳት ከወደመ ጀምሮ በዚያ በኩል ሳልፍ ልቤ ይከፋዋል፤ አሁን ደግሞ ቀሪውም ፀጥ ብሏል።

በዚህ መሀል የኛ ሙዚቃ የት ነው ያለው? ፓሪስ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የስድሳዎቹን ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ ሲዲ ማውጣት ከጀመረ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከሠላሳ በላይ ሲዲ ሆኗል። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ባይሰበስበው ስንቱ ጠፍቶ ነበር። ፒያሳ ተቀርጾ ፒያሳ የተሸጠ ሸክላን የአውሮፓ ወጣት ቤቱ ተቀምጦ ይሰማዋል። የኔ ልጅ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሸክላ ሲዞር የምታይበት፣ ገብታ «እስኪ ያንን አጫውቱልኝ» የምትልበት አንድ በር የላትም። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ገብታ የቆየ መጽሐፍና ጋዜጣ አውጥታ ማንበብ ትችላለች። ዘፈንስ? ለምን እንደዚያ አይሆንም?

እንግዲህ የምጠይቀው ይሄን ነው። ፒያሳ ላይ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ውስጥ አንዲት ክፍል። ትልቅ ሙዚየም አላልኩም። የሸክላ ማጫወቻ፣ ሁለት ደህና ቴፕ፣ ጥሩ ስፒከር፣ አግዳሚ ወንበር፣ እና ከሁሉ በላይ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው። ዕቃውን ሕዝቡ ያመጣዋል፤ በየአልጋው ሥር፣ በየቆጡ ላይ ስንት ካርቶን አለ መሰላችሁ። የካሴት ክር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሙቀትና እርጥበት ይጨርሰዋል፣ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። ከካርቶኔ ውስጥ ዘጠኙ አሁን አይሠሩም። አሥር ዓመት ብንጠብቅ ስንቱ እንደሚቀር እግዜር ያውቃል።

ለራዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማ፣ ማን እንደመታው ይነገር፣ እና መጨረሻ ላይ ማንም ያልጠየቀው አንድ ዘፈን ይጨመር፣ ከሮክም ይሁን ከየትም።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምፈልገው ግን ከሁሉም የሚቸኩል ነው። እነዚያ ባለሙዚቃ ቤቶች አርጅተዋል። ከፒያሳ፣ ከመርካቶ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከለገሃር ወጥተው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። የማን ካሴት መቼ እንደወጣ፣ የትኛው ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ፣ የትኛው በሳንሱር እንደቀረ በጭንቅላታቸው ይዘዋል። መቅጃ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ብትሰጧቸው እኔ አንደኛዋ ገዢ ነኝ። ጋሼን ፈልጌ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሰማንያን አልፈዋል፣ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ጨዋታቸው ግን ያው ነው። ስማቸው እንዳይወጣ እንጂ ለመናገር ፈቃደኛ ናቸው።

የወንድሜን ናሽናል መርካቶ ወስጄ አስጠገንኩት። ጎማው ብቻ ነበር የረገበው። ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ያንን የመጀመሪያውን ካሴት ከፈትነው። ስድስቱን ትዝታና ባቲ ሰማን። ልጄ ስልኳን ልታነሳ ስትል «ቆይ፣ ትርፉ አለ» አልኳት። ከበሮው መጣ፣ ኦርጋኑ መጣ፣ ጊታሩ መጣ። ክሩ አርጅቶ ድምፁ ትንሽ ይዋዥቃል፤ ግን አለ። ሲያልቅ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ልጄ ዝም አለች። ከዚያ «ሌላኛውን ትርፍ ክፈችው» አለችኝ፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዘፈኖቹን እያሳለፍን ትርፍ በትርፍ ሄድን።

143ቱም ካሴት፣ ዘጠኙ የማይሠሩትም ጭምር፣ ክፍሏ ከተገኘች የክፍሏ ናቸው። ናሽናሉም አብሮ ይሄዳል፣ ወንድሜን ጠይቄ ፈቅዷል። ስልክ ቁጥሬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው አያይዣለሁ፤ ለጋሼ አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ።

አንባቢያችሁ፣
የቀድሞ የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ
አዲስ አበባ